የተበጠሰው ቁልፋችሁ የት ገባ?



በዚህ እትም የምንጽፈው ስለ ቁልፍ ነው። ስለ ዶርም ቁልፍ ሳይሆን ስለ ሸሚዝ፣ ስለ ኮትና ስለ አባያ ቁልፍ። መዝገበ ቃላቱ «አዝራር» ይለዋል፤ እኛ ግን እንደ ልብስ ሰፊዎቻችን ቁልፍ እያልን እንቀጥላለን።

ነገሩ የተጀመረው ከልብስ ማሰባሰቡ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ተመራቂዎች ትተውልን የሚሄዱትን ልብስ ለይተን፣ አጥበን፣ ለሚያስፈልገው ማድረስ የጀመዓችን የቆየ ልማድ ነው። ባለፈው ጊዜ አንድ ወንድማችን ከክምሩ ውስጥ ጥሩ ጃኬት ደረሰው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዝናብ ሲጥል ጃኬቱን በአንድ እጁ ደረቱ ላይ ጨምድዶ፣ በሌላው ደብተሩን ታቅፎ ሲሮጥ አየነው። ለካ ከጃኬቱ ሦስት ቁልፎች ጎድለዋል! ሲቀበል አይቶት ነበር፤ ነገር ግን በነጻ የተሰጠን ልብስ «ቁልፍ የለውም» ብሎ መመለስ ከበደው። እኛ ደግሞ ስንሰጥ ልብ አላልንም። በክረምት ከዳሞታ ተራራ ወደ ሶዶ የሚወርደውን ብርድ የሚያውቅ ሰው እንዴት እንዳፈርን ይገባዋል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ አስቀመጥን። ከወለል መወልወያነት ሌላ ጥቅም የማይሰጥ ልብስ ሲገኝ፣ ጨርቁ ከመቀደዱ በፊት ቁልፎቹ ተቆርጠው ጣሳው ውስጥ ይገባሉ። አሁን ጣሳው ሞልቶ ሁለተኛ ጀምረናል። «ይህን ሁሉ ምን ልታደርጉበት ነው?» ለሚሉን ሁሉ መልሳችን እነሆ።

መጀመሪያ ወደ ልብሱ ይመለስ

የጣሳው የመጀመሪያ ሥራ ቁልፍ የጎደለውን ልብስ መሙላት ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ የተረፈው ላይ የሚሠራ ነው። ለመሆኑ ቁልፍ ለምን ቶሎ ይወድቃል? በብዙ የፋብሪካ ሸሚዞች ላይ ቁልፉ የሚሰፋው በአንድ ነጠላ ክር፣ እንደ ሰንሰለት እየተያያዘ በሚሄድ ስፌት ነው። ለማሽን ፈጣን ነው፤ ጫፉ አንዴ ከተፈታ ግን ቀሪው እንደ ሹራብ ተተርትሮ ይወጣል። ስለዚህ ከቁልፋችሁ ጀርባ የተንጠለጠለች ክር ካያችሁ አትሳቧት። አዲስ ልብስ ስትገዙ፣ የሰልቫጅም ቢሆን፣ ቁልፎቹን በእጅ አጠንክሮ መስፋት የአንድ ምሽት ሥራ ነው።

አሰፋፉ እንዲህ ነው። አንድ ክንድ ያህል ክር ደርቡ፤ በሻማ ወይም በደረቅ ሳሙና ላይ ሁለት ጊዜ ጎተት አድርጉት፣ እንዳይወሳሰብና ቶሎ እንዳይበላ ያደርገዋል። ቁልፉን ከቦታው አስቀምጡና በቁልፉና በመርፌው መንገድ መካከል የክብሪት እንጨት አጋድሙ። በእንጨቱ ላይ እያሳለፋችሁ በእያንዳንዱ ጥንድ ቀዳዳ ሦስት አራት ጊዜ ስፉ። ከዚያ እንጨቱን አውጡ። ቁልፉ ላላ ብሎ ከጨርቁ ከፍ ይላል፤ አትደንግጡ፣ የተፈለገው እሱ ነው። ክሩን ከቁልፉ ሥር አራት አምስት ጊዜ አዙራችሁ ስትጠመጥሙት ለቁልፉ አንገት ይሆነዋል። ከጀርባ ቋጥሩና ጨርሱ። አንገት የሌለው ቁልፍ ወፍራም ጨርቅ ሲቆለፍበት ይጨነቃል፤ በየቀኑ ክሩን እየጎተተ በመጨረሻ ይበጥሰዋል። የወንድማችን ጃኬት ያጣው ይህን አንገት ይመስለናል።

መጠኑን በማስመሪያ መለካት ይቻላል። የሸሚዝ ፊት ቁልፍ ወደ 11 ሚሊ ሜትር፣ የኮት እጅጌ 15፣ የኮት ፊት ደግሞ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ፋብሪካዎች ቁልፍን የሚለኩበት የራሳቸው መስፈሪያ አላቸው፤ አንዱን ኢንች ለ40 ይከፍሉታል። «18» የሚል ቁጥር ካያችሁ ያው የሸሚዙ ቁልፍ ነው። ተመሳሳይ ካልተገኘስ? ሱሪ ውስጥ የሚገባውን የመጨረሻውን ቁልፍ አውጥታችሁ ወደ ላይ አምጡት፤ ባዕዱን ቁልፍ በእሱ ቦታ ስፉት። ማንም አያየውም። ከዚያ በፊት ግን በሸሚዙ የውስጥ ስፌት ላይ፣ ወደ ግርጌው፣ ትርፍ ቁልፍ ተሰፍቶ እንደሆነ ፈልጉ። ስንቶቻችን ለዓመታት ሳናየው ለብሰነዋል!

ስፒል በከንፈር የምትይዙ እህቶች

ይህን ክፍል ያመጡት እህቶቻችን ናቸው፤ እኛም ከሁሉ ያስበለጥነው እሱን ነው። ጠዋት ለክላስ ሲሯሯጡ ወይም ከውዱእ በኋላ ሒጃብ ሲያስተካክሉ ስፒሉን ከንፈር ላይ ይዞ ማውራት የተለመደ ነው። ከቱርክ፣ ከግብጽና ከሌሎችም አገሮች ሆስፒታሎች በወጡ የሕክምና ጽሑፎች ላይ ተደጋግሞ የተመዘገበ አደጋ አለ፦ በከንፈር የተያዘ የሒጃብ ስፒል በሳቅ፣ በሳል ወይም በንግግር መሐል ተስቦ ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። ተጎጂዎቹ በአብዛኛው በእኛ ዕድሜ ያሉ ወጣት ሴቶች ናቸው። ስፒሉን ለማውጣት በጉሮሮ የሚገባ ካሜራ ያለው መሣሪያ ያስፈልጋል፤ አልፎ አልፎም ደረትን መክፈት። ዶርም ውስጥ በችኮላ ለሚደረግ ነገር ይህ በጣም ውድ ነው። ስፒሉ ሺፎኑን እየበሳ የሚያበላሸውማ አይነሳ።

መላው ከጣሳው ውስጥ አለ። ከሒጃብ ሥር በምትደረገው ኮፍያ ላይ፣ ከጆሮ ከፍ ብሎ በግራና በቀኝ፣ ሁለት ጠፍጣፋ የሸሚዝ ቁልፎች ስፉ። ሒጃቡ ላይ ደግሞ ከቁልፎቹ ትይዩ በሚሆነው ጠርዝ ትንሽ የክር ጆሮ አውጡ፦ ክሩን ሦስት አራት ጊዜ እንደ ቅስት አመላልሳችሁ በዚያው ክር ዙሪያውን ጠምጥሙት። ዳንቴል የምትሠሩ እህቶች ይህን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ታወጡታላችሁ። ሺፎን ስስ ስለሆነ ከጀርባው የጥፍር ያህል ጨርቅ ደርቡበት፤ ያለዚያ ጆሮው ይቀደዳል። ቁልፉ ጠፍጣፋ ይሁን፤ ጉብ ያለው ከላይ ያስታውቃል፣ ስትተኙም ይቆረቁራል። አንዲት እህታችን በመጀመሪያው ሙከራ ቁልፎቹን በጣም ወደ ኋላ ስለሰፋቻቸው ሒጃቡ አገጯን አንቆ ይዟት ዋለ። ስለዚህ ከመስፋታችሁ በፊት ለብሳችሁ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ።

በጣት የሚነበብ ቁልፍ

አብረውን የሚማሩ ዐይነ ስውራን ጓደኞች አሉን። ጥቁሩን ሱሪ ከሰማያዊው፣ ቡናማውን ካልሲ ከግራጫው ለመለየት በየጠዋቱ የዶርም ጓደኛ መጠየቅ እንዴት እንደሚያሰለች ከእነሱ መስማት ይሻላል። ቁልፍ እዚህ ላይ ጥሩ ምልክት ይሆናል። በልብሱ የውስጥ ስፌት ላይ፣ ቆዳ በማይነካው በኩል፣ ትንሽ ቁልፍ ይሰፋል፤ ለምሳሌ ባለ ሁለት ቀዳዳው ጥቁር፣ ባለ አራቱ ነጭ፣ ቀዳዳው ከጀርባ የሆነው ሰማያዊ ማለት ይሆናል። ጣት በአንድ ንክኪ ይለየዋል። አንድ ነገር ግን እንዳትረሱ፦ የትኛው ቁልፍ የትኛው ቀለም እንደሆነ የሚወስነው የልብሱ ባለቤት ነው። እኛ በቅን ልብ የራሳችንን ዝርዝር አዘጋጅተን ሄደን ነበር፤ ጓደኛችን ሳቀና «እኔ እኮ ቀለሙን ሳይሆን የቱ ከየቱ እንደሚሄድ ነው ማወቅ የምፈልገው» አለን። እውነቱን ነው። ለሸሚዙና ለሱሪው አንድ ዓይነት ቁልፍ ሰፋን፤ በቃ።

በዚያው አጋጣሚ ገበጣ ሠራን። ሠላሳ እንቁላል የሚይዘው ትሪ አምስት በስድስት ጉድጓድ አለው። ሁለቱን ባለ ስድስት ረድፍ ብትቆርጡ 12 ጉድጓድ ይሆናል፤ በእያንዳንዱ 4 ቁልፍ ስታደርጉ 48 ቁልፍ ይበቃል። ሦስት ረድፍ የምትጫወቱ ደግሞ 18 ጉድጓድ ቆርጣችሁ ሦስት ሦስት አድርጉ፤ 54 ይፈልጋል። ሕጉ እንደየአገሩ ስለሚለያይ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ተስማሙ፣ እኛ ዘንድ ግማሹ ሰዓት በክርክር ነው ያለቀው። ገበጣ በዳሰሳ ስለሚቆጠር ለሚያይም ለማያይም እኩል ነው፤ እስካሁን ያሸነፈንም ያው ጓደኛችን ነው። ከተረፈው ትሪ ሁለት በሦስት ስድስት ጉድጓድ ብትቆርጡ ደግሞ የብሬል አንዱ ፊደል የሚጻፍበት ባለ ስድስት ነጥብ ቅርጽ ይሆናል። ነጥብ ባለበት ጉድጓድ ቁልፍ እያስቀመጣችሁ ብሬል ከጓደኛችሁ መማር ትችላላችሁ።

የሚጮኸው ቁልፍ

ልጅ ሆነን ቆርኪ ጠፍጥፈን፣ ሁለት ቦታ በስተን፣ ክር አስገብተን እያሽከረከርን ያላጮኽን ማን አለ? በትልቅ የኮት ቁልፍ ያው ይሠራል፤ እንደ ቆርኪውም ስለታም ጠርዝ የለው። አንድ ሜትር ያህል ጠንካራ ክር (የተገመደ የእንሰት ቃጫም ይሆናል) በትይዩ ቀዳዳዎች አሳልፋችሁ ጫፎቹን ቋጥሩ። ቁልፉን መሐል አድርጋችሁ ክሩን በሁለት እጅ ይዛችሁ አሽከርክሩት፣ ከዚያ ሳብ፣ ለቀቅ። ስትስቡ የተጠማዘዘው ክር እየተፈታ ቁልፉን ያሽከረክረዋል፤ ቁልፉ በደረሰበት ፍጥነት አልፎ ሄዶ ክሩን በተቃራኒ ያጠማዝዘዋል።

የጤናና የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ይህን «የልጅ ጨዋታ» እንዳትንቁት። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ማኑ ፕራካሽ ዩጋንዳን ሲጎበኝ፣ ደም የሚለየው ሴንትሪፊዩጅ መብራት በማጣት ምክንያት የበር ማስደገፊያ ሆኖ አየ። ቡድኑ መፍትሔውን ያገኘው ከዚሁ መጫወቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ያደረጉት የወረቀት ሴንትሪፊዩጅ በእጅ እየተሳበ በደቂቃ እስከ 125,000 ዙር ይሽከረከራል፤ ፕላዝማን ከደም በአንድ ተኩል ደቂቃ ይለያል፤ ዋጋው 20 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። የወባ ተሕዋስን ለማግኘትም ሞክረውታል። በወላይታ ቆላማ ወረዳዎች ለተግባር ልምምድ የምትወጡ ተማሪዎች ወባ ማለትና መብራት መጥፋት ምን እንደሆነ ከእኛ የበለጠ ታውቃላችሁ።

ስጦታና ጌጥ

እዚህ ላይ ብዙ አንቆይም። ቁልፍን በሙጫ ካርቶን ላይ ለጥፎ ስዕል መሥራት ያምራል፤ እኛ ግን አንወደውም፣ የተለጠፈ ቁልፍ ተመልሶ ልብስ ላይ አይሰፋም። ከልብስ ሰፊዎች የሚተርፈውን የዱንጉዛ ቁራጭ፣ ያንን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩን የወላይታ ጥበብ፣ ጣት በሚያህል ስፋት ከፍላችሁ ጫፉ ላይ ቁልፍና ክር ብትሰፉበት ግን ለተመራቂ ጥሩ ዕልባት ይሆናል። የመስገጃ ማሰሪያም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ በአንድ ጫፍ ቁልፍ፣ በሌላው ጆሮ።

በጌጥ ጉዳይ የማንረሳው ሰው ግን ሄንሪ ክሮፍት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ለንደን ውስጥ የሚኖር፣ በወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ መንገድ ጠራጊ ነበር። ልብሱን ሙሉ በነጫጭ የዛጎል ቁልፎች ሸፍኖ፣ ሰው ዞር ብሎ ሲያየው ለሆስፒታሎችና ለችግረኞች ገንዘብ ይሰበስብ ነበር። እሱን ተከትለው እንዲሁ የሚለብሱና የሚያሰባስቡ ሰዎች ዛሬም ለንደን ውስጥ አሉ።

ጣሳ ለምታስቀምጡ ሁሉ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። ቁልፍ ከሦስት ዓመት በታች ልጅ እጅ አይግባ፤ ያንቃል። ከቁልፎቹ መሐል ደግሞ ክብ የሰዓትና የሪሞት ባትሪ ተቀላቅሎ እንዳይሆን ፈትሹ። ቁልፍ ይመስላል፤ የዋጠው ልጅ ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮው ሊቃጠል ይችላል። እኛ ጣሳ ውስጥ አንድ አግኝተናል።

ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ጣሳዎቹን ይዘን እንቀመጣለን፤ እህቶች በእህቶች በኩል፣ ወንድሞች በወንድሞች በኩል። የሸሚዝ ቁልፍ ሞልቶናል። የጎደለን ባለ 20 ሚሊ ሜትር ጥቁር የኮት ቁልፍ ነው፤ ወንድማችን ጃኬቱን ለብሶ የሚሄደው እስካሁን በሁለት ጥቁርና በአንድ ቡናማ ቁልፍ ነው።