ግሸን ከመንገሧ በፊት፣ ደለስ ከመድረሳችሁ በፊት

ከአምባሰል ወይም ከሐይቅ አንድ ልጅ አሜሪካ የመማር ዕድል ሲያገኝ ዘመድ ሁሉ «ግሸንን አንግሦ ነው የሚሄደው አይደል?» ይላል። አይደለም! ግሸን ማርያም የምትነግሠው መስከረም 21፣ በፈረንጅ ኦክቶበር መጀመሪያ ነው፤ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ባብዛኛው ነሐሴ ላይ ይከፈታሉ። ትምህርት ቤቱ በሚልከው አይ-20 የተባለ ወረቀት ላይ የትምህርቱ መጀመሪያ ቀን ተጽፏል። አዲስ ተማሪ ከዚያ ቀን ከ30 ቀን በላይ ቀድሞ መግባት አይችልም፤ ትምህርት ቤቱ ሳይፈቅድ መዘግየትም ጣጣ አለው። ስለት ያለበት ቀደም ብሎ ይሳለም።

ብዙ ሰው ቪዛው ከተመታ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስለዋል። ቪዛ የሚያደርሰው በሩ ድረስ ነው። የሚያስገባው አውሮፕላኑ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ ባረፈበት ከተማ የተቀመጠው መኮንን ነው። ትምህርቱ ሚኒያፖሊስ ቢሆንም ዋሽንግተን ደለስ ካረፋችሁ የምትጠየቁት ደለስ ላይ ነው፤ ሻንጣችሁንም እዚያው አውርዳችሁ፣ ጉምሩክ አልፋችሁ መልሳችሁ ታስጭናላችሁ። ታዲያ ወረቀቶቹን ሻንጣ ውስጥ ከከተታችሁ ምን ይሆናል? ሻንጣው ያለው ከመኮንኑ ወዲያ ማዶ ነው! ፓስፖርት፣ አይ-20፣ የቅበላ ደብዳቤ፣ የገንዘብ ማስረጃና የ350 ዶላሩ የሴቪስ ክፍያ ደረሰኝ ከእጅ ቦርሳ አይውጡ።

ጥያቄው ቀላል ነው፦ የት ትማራለህ? ምን ትማራለህ? ማን ይከፍልልሃል? የዓመቱ ወጪና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አይ-20ው ላይ በአኃዝ ሰፍሯል። ወረቀቱ ስኮላርሺፕ እያለ ልጁ «አጎቴ ነው የሚከፍልልኝ» ካለ ነገር ተበላሸ። «አጎቴ ሱቅ እየሠራሁ» ካለማ ባሰ፤ ተማሪ በትምህርት ወቅት የሚፈቀድለት ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ነው። ስልክም ሊፈተሽ ይችላል፤ ከአጎት ጋር ስለ ሥራ የተጻጻፋችሁት እዚያው አለ።

የእኛ ልዩ ራስ ምታት የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 1998 የተወለደ ልጅ በፓስፖርቱ ኤፕሪል 15፣ 2006 ተብሎ ይገባል። ትራንስክሪፕቱ ላይ ግን 1998 እንዳለ ከቀረ በወረቀት ስምንት ዓመት አርጅቷል። አገር ቤት ሳላችሁ አስተካክሉት። ስምም እንዲሁ፤ አይ-20ው፣ ቪዛውና ትኬቱ በፓስፖርቱ አጻጻፍ ይሁኑ።

አሁን ወደ ሻንጣው እንምጣ፣ የእናቶች ክፍል ነው። በርበሬ፣ ሽሮና የተቆላ ቡና ባብዛኛው ያልፋሉ። ቋንጣ አያልፍም፤ እህቶቼ፣ በነጠላ ብትጠቀልሉትም አያልፍም። ዋናው ቁም ነገር ስትጠየቁ ምግብ መያዛችሁን መናገር ነው። የተናገረ፣ የተከለከለ ነገር ቢገኝበት እንኳ ዕቃው ይወሰድበታል እንጂ አይቀጣም፤ የደበቀ እስከ 1,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል።

ጸበሉስ? ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ በእጅ ቦርሳ አይያዝም፤ ክዳኑን አጥብቃችሁ ሻንጣ ውስጥ ክተቱት። እምነቱ ግን ያስፈራኛል። ያለ ፈቃድ የውጭ አገር አፈር ማስገባት ክልክል ስለሆነ አፈር ያለበት ከሆነ ቤት ይቀመጥ። አመድ ብቻ ከሆነም በፌስታል የተቋጠረ ስም የለሽ ዱቄት ማንንም ፈታሽ ያስቆማልና ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገር ተለማመዱ፤ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ አመድ ነው ማለት ይበቃል።