ከሹራብ ሥራ የተረፈ ክር ለማን ይበጃል?

ሹራብ በሚሠራበት ቤት ሁሉ በሣጥን ግርጌ ወይም በአሮጌ ዘንቢል ውስጥ የተከማቸ ትራፊ ክር አይታጣም። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ነው፤ ለብቻው አንድ እጅጌ እንኳ አይሞላም፤ እንዳይጣል ደግሞ ገንዘብ ወጥቶበታል። ይህን ትራፊ ሠርቶ ለችግረኛ መስጠት መልካም አሳብ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን መልካም አሳብ ሁሉ ለተቀባዩ መልካም ልብስ ሆኖ አይደርሰውም። ዛሬ የምንነጋገረውም በሰጪው አሳብና በተቀባዩ ፍላጎት መካከል ስላለው ርቀት ነው።

አስቀድሞ የሹራብን ጠባይ መረዳት ያስፈልጋል። ከበግ ጠጉር የሚሠራው የመንዝ ባና የሸማኔ ሥራ ነው፤ ይኸውም ድርና ማግ ተዋድደው የሚገኝ ነው። ሹራብ ግን አንድ ክር ብቻውን ቀለበት በቀለበት ውስጥ እያለፈ የሚሠራ በመሆኑ ይለጠጣል፤ በቀለበቶቹም መካከል አየር ይይዛል። ሰውን የሚያሞቀው ክሩ ብቻ ሳይሆን ይህ የተያዘው አየር ጭምር ነው። ደግሞም ሹራብ ከጫፉ ከተፈታ እስከ መጨረሻው ይተረተራል። ይህ ለለባሹ ጉዳት ነው፤ ለቆጣቢ ሰው ግን ሀብት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ፣ በእንግሊዝ አገር ልብስና የሹራብ ክር በኩፖን ብቻ ይሸጥ ስለ ነበር፣ ሴቶቹ ያረጀውን ሹራብ እየተረተሩ አዲስ ይሠሩ ነበር። የተተረተረ ክር እንደ ተጠማዘዘ ይቀራል፤ በወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥሞ፣ በአራት በኩል አስሮ፣ አጥቦ፣ ከታቹ ጥቂት ክብደት አንጠልጥሎ ቢያደርቁት ይቃናል። ስለዚህ ትራፊ ስንል ከልቃቂት የቀረውን ብቻ ሳይሆን፣ ክርኑ ተቀድዶ የተጣለውንም ሹራብ መቍጠር ይገባናል።

ክሮቹን ከመቀላቀል በፊት ግን ዓይነታቸውን መለየት ግድ ነው። የበግ ጠጉር በጉልህ ማሳያ መነጽር ሲታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ሽፋን አለው፤ በሙቅ ውሃ ሲታሽ ቅርፊቶቹ እርስ በርሳቸው ይያያዙና ጨርቁ ይኮማተራል፣ ይደድራልም። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ግን በእጥበት እንዲህ አይኮማተርም። ሁለቱን ባንድ ብርድ ልብስ ያዋሐደ ሰው፣ ከመጀመሪያው ሙቅ እጥበት በኋላ ከፊሉ የጠበበ ከፊሉ የሰፋ፣ ተጨማድዶ የሚቀር ሥራ ያገኛል። የእሳት ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይከፋል። የበግ ጠጉር በቀላሉ አይያያዝም፤ ቢያያዝም ከሰል መስሎ ይጠቁርና ነበልባሉ ሲርቅ ወደ መጥፋት ያደላል። አክሪሊክ ግን እየቀለጠ ይነዳል፤ የቀለጠውም ከቆዳ ላይ ይጣበቃል። በከሰል ምድጃ አጠገብ ለሚያድር ቤተሰብ የሚላክ ብርድ ልብስ ከምን እንደ ተሠራ መመርመር እንግዲህ ቅንጦት አይደለም።

ትራፊን ለመጠቀም ከሁሉ የሚቀለው ሥራ አራት ማዕዘን ቁራጭ ሠርቶ መጋጠም ነው። ጐኑ 15 ሴንቲሜትር የሆነ ቁራጭ 48 ቢገኝ፣ ስድስቱ በወርድ ስምንቱ በቁመት ተደርድረው 90 በ120 ሴንቲሜትር የሆነ የልጅ ብርድ ልብስ ይወጣቸዋል። የሚያስቸግረው የክሩ ውፍረት መለያየት ነው፤ በቀጭን ክር 30 ቀለበት የሚጠይቀው ስፋት በወፍራሙ 20 ይበቃዋል። ለዚህ አንድ ብልሃት አለ። ሥራውን ከጐን ሳይሆን ከማዕዘን መጀመር ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀለበት ተነሥቶ በየመስመሩ አንዳንድ መጨመር፣ ጐኑ 15 ሴንቲሜትር ሲሞላም በየመስመሩ አንዳንድ እየቀነሱ እስከ ሌላው ማዕዘን መዝለቅ። እንዲህ ሲደረግ ቀለበት መቍጠር ቀርቶ ማስመሪያ ብቻ ይበቃል። ክሩ ይበቃ አይበቃ እንደ ሆነ የሚጠራጠር ሰውም ልቃቂቱን በሚዛን ይመዝነው፤ ጐኑ ሳይሞላ እኩሌታው ካለቀ ክሩ ለዚያ ቁራጭ አይደርስምና፣ በሌላ ቀለም መቀጠል ነው።

ቁራጭ መሥራት ደስ ያሰኛል፤ መጋጠሙ ግን ማንንም ደስ አያሰኝም። 48 ቁራጭ ቢያንስ 96 የተንጠለጠለ የክር ጫፍ አለው፤ እያንዳንዱ ጫፍ በመርፌ ወደ ውስጥ ካልተሸሸገ ሥራው ይፈታል። ሰዎች ተካፍለው ቁራጭ ሊሠሩ ሲስማሙ የሚሰፋው ሰው ማን እንደ ሆነ አስቀድመው ካልወሰኑ፣ ውጤቱ ብርድ ልብስ ሳይሆን ማንንም የማያሞቅ በጆንያ የተከተተ ቁራጭ ነው። በእኔ አስተያየት እንዲህ ባለው ማኅበር ዘንድ ከሁሉ በላይ ሊመሰገን የሚገባው ሰፊው ነው።

ከብርድ ልብስ ይልቅ ጥቂት ክር የሚፈጅ፣ ጥንቃቄው ግን እጅግ የሚበልጥ ሥራ ደግሞ አለ፤ እርሱም የሕፃን ቆብ ነው። የአዋቂ ሰው ራስ ከመላው ገላው ስፋት 9 ከመቶ ያህል ሲሆን፣ የጨቅላ ሕፃን ራስ ግን 18 ከመቶ ያህል ነው። ስለዚህ የሕፃኑ ሙቀት በራሱ በኩል ብዙ ይባክናል። ከ2,500 ግራም በታች የተወለደ ሕፃን ደግሞ ከቆዳው ሥር የሚያሞቀው ስብ ጥቂት ነው፤ የገላው ሙቀት ከ36.5 ዲግሪ በታች ሲወርድም ሐኪሞች ቀዝቅዞታል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ ማሞቂያ ሣጥኑ ለሕፃናቱ ቢያንሳቸው፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን በእናቶቻቸው ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አስጠግተው እንዲታቀፉ አደረጉ። ካንጋሩ የምትባለው አውሬ ግልገሏን በከረጢቷ ይዛ እንደምትዞረው ነውና፣ ዘዴው በእርሷ ስም ተጠራ። በአገራችንም ይሠራበታል፤ በአዲስ አበባ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት፣ ቶሎ ከእናታቸው ገላ ጋር የተጠጉት ሕፃናት ይበልጥ በሕይወት እንደ ተረፉ አሳይቷል። በዚህ ጊዜ ሕፃኑ የሚለብሰው የሽንት ጨርቅ፣ ካልሲና ቆብ ብቻ ነው። የሚያድነው የእናት ገላ ነው፤ ቆቡ ረዳት ነው። ረዳትነቱ ግን በምጥ ሰዓት ምንም ሳትይዝ ሆስፒታል ለደረሰች እናት ቀላል አይደለም።

ታዲያ ይህ ቆብ ለስላሳ፣ በሙቅ ውሃ የሚታጠብ፣ የሚለጠጥ ይሁን። የሚታሰር ገመድ አይኑረው፣ ሊያንቅ ይችላልና፤ አዝራርም አይኑረው፣ ቢነቀል ወደ አፍ ይገባልና። ካልሲ የሚሠራ ሰው የውስጡን ገጽ ገልብጦ ይመልከት፤ ቀለም ሲለዋወጥ በውስጥ ተዘርግቶ የሚቀር ክር በሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደሙን ሊያግድ ይችላል። በውጭ በኩል ያማረው ጌጥ በውስጥ በኩል ወጥመድ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ለወታደር ልብስ የሠሩት ሴቶችም ይህን የመሰለ ነገር ገጥሟቸዋል። የካልሲ ጫፍ የሚዘጋበት ስፌት ጐልቶ ከቀረ ብዙ መንገድ የሚጓዘውን ሰው ጣት ያቈስላል፤ መጋጠሚያው የማይታወቀው አዘጋግ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ የጦር ሚኒስትር በነበሩት በሎርድ ኪችነር ስም እስከ ዛሬ ይጠራል። በዚያው ጦርነት መጀመሪያ፣ በኦገስት 1914፣ በንግሥት ሜሪ ስም የሚጠራው የመርፌ ሥራ ማኅበር ሴቶች ሁሉ ለወታደሩ ልብስ በነፃ እንዲሠሩ ጠራ። በዚያው ሰሞን ግን ልብስ አሰፊው ትእዛዙን በማቋረጡ፣ ብዙ የስፌትና የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ከሥራ ወጥተው ነበር። የሴት ሠራተኞች ማኅበር መሪ የነበሩት ሜሪ ማካርተር፣ ባለጠጎቹ በነፃ የሚሠሩት ልብስ የድኻይቱን እንጀራ የሚወስድ ነው ሲሉ ተቃወሙ። ንግሥቲቱም አስጠርተው አነጋገሯቸው፤ ሥራ ላጡት ሴቶች የደመወዝ ሥራ የሚሰጥበት ገንዘብ ተሰበሰበ፤ ማካርተርም የኮሚቴው ጸሐፊ ሆኑ። ይህ ክርክር ዛሬም አልሞተም። ትራፊውን እርስዎ ቢሠሩት ማንንም አይጐዳም። አዲስ ክር በብዛት ገዝቶ ለሕፃናት ማሳደጊያ መቶ ሹራብ ለመሥራት የሚያስብ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ማኅበር ግን፣ ሹራብ ሠርታ በመሸጥ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት በሰፈሩ አለች ወይ ብሎ ቢጠይቅና ሥራውን ለእርሷ ቢያዝ፣ ባንድ ገንዘብ ሁለት ቤት ያሞቃል።

የበዛ ስጦታም ራሱ ሸክም ይሆናል። በአውስትራሊያ በፊሊፕ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2001 የመርከብ ዘይት በባሕር ፈስሶ 438 ትንንሽ ፔንግዊኖችን አበላሸ። ወፎቹ እስኪታጠቡ ድረስ ዘይቱን በምንቃራቸው እየለቀሙ እንዳይመረዙ ትንሽ ሹራብ ይለብሱ ነበር። ወሬው በዓለም ሲሰማ ሹራቡ ከየአገሩ ይጎርፍ ጀመር፤ ከወፎቹም እጅግ በለጠ። የደሴቲቱ ሰዎች ብልሆች ነበሩና፣ ትርፉን ለአሻንጉሊት ፔንግዊን እያለበሱ ሸጠው ገንዘቡን ለወፎቹ አዋሉት። የሕፃናት ክፍል አስታማሚ ግን አሻንጉሊት የምትሸጥበት ጊዜ የላትም።

ስለዚህ መርፌውን ከማንሣት በፊት ወደሚሰጡበት ስፍራ ሄደው ወይም ደውለው ይጠይቁ፤ ምን ዓይነት ልብስ እንደሚያስፈልግ፣ ስንት፣ በምን ልክ፣ በምን ዓይነት ውሃ እንደሚታጠብ። ልብሱን ሲያስረክቡም ክሩ የበግ ጠጉር ይሁን አክሪሊክ፣ በሙቅ ይታጠብ ወይስ በቀዝቃዛ፣ በትንሽ ወረቀት ጽፈው ያያይዙበት፤ አጣቢዋ ከእርስዎ ጋር አልተነጋገረችምና።