የጋብቻ ክፍሎችና የልውውጥ ቁጥር

በምዕራብ አውስትራሊያ የካሪዬራ ሕዝብ በአራት የጋብቻ ክፍሎች የተከፈለ እንደ ነበረ ራድክሊፍ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት ገልጿል። ክፍሎቹም ባናካ፥ ቡሩንግ፥ ካሪሜራና ፓልዬሪ ይባሉ ነበር። ባናካ ከቡሩንግ፥ ካሪሜራም ከፓልዬሪ ጋራ ይጋባል። የባናካ አባት ልጅ ፓልዬሪ፥ የፓልዬሪ አባት ልጅም ባናካ ይሆናል፤ ቡሩንግና ካሪሜራም እንደዚሁ ይፈራረቃሉ። ስለዚህ የልጅ ልጅ ወደ አባቱ አባት ክፍል ይመለሳል።

እንዲህ ያለው ደንብ በሒሳብ ፐርሙቴሽን፥ ማለት የተራ ለውጥ፥ ሆኖ ሊጻፍ እንደሚችል አንድሬ ቬይ እ.ኤ.አ. በ1949 ክሎድ ሌቪ ስትሮስ ስለ ዝምድና ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አሳይቷል። ክፍሎቹ ከላይ በተጠሩበት ቅደም ተከተል 1፥ 2፥ 3፥ 4 ቢባሉ፥ ጋብቻ ተራውን ወደ 2 1 4 3፥ የአባት ውርስ ወደ 4 3 2 1፥ የእናት ውርስ ወደ 3 4 1 2 ይለውጠዋል። እያንዳንዱ በሁለት ልውውጥ ይፈጸማል፤ ልውውጥ ማለትም የሁለት ቁጥሮች ቦታ መቀያየር ነው።

ማንኛውም የተራ ለውጥ በልውውጦች ሊፈጸም ይችላል፤ መንገዱም ብዙ ነው። ነገር ግን በሁለት የተፈጸመው በአራት ወይም በስድስት እንጂ በሦስት ከቶ አይፈጸምም። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ ትልቁ ቁጥር ከትንሹ የቀደመባቸው ጥንዶች ቢቆጠሩ፥ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁጥሮች ሲለዋወጡ ድምሩ በአንድ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። የተራራቁ ሁለት ቁጥሮች ሲለዋወጡም በመካከል ያለው እያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይታለፋል፤ ሁለቱም እርስ በርሳቸው አንድ ጊዜ ይተላለፋሉ፤ የእርምጃው ብዛት ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው። ስለዚህ አንድ ልውውጥ ተጋማሹን ድምር ጎዶሎ፥ ጎዶሎውንም ተጋማሽ ያደርጋል። በሦስቱ የካሪዬራ ተራዎች ድምሩ 2፥ 6ና 4፥ ማለት ሁሉም ተጋማሽ ነው።

አራት ክፍሎች ግን በክብ ቢጋቡ፥ 1 ከ2፥ 2 ከ3፥ 3 ከ4፥ 4 ከ1 ሚስት ቢያመጡ፥ ተራው 2 3 4 1፥ ድምሩም 3 ይሆናል። ተጋማሽ ለውጦች ቢደራረቡ ተጋማሽ ብቻ ስለሚሰጡ፥ የካሪዬራ ደንቦች የቱንም ያህል ቢደጋገሙ ይህን ክብ አያስገኙም። በተመራማሪው መዝገብ ከእነዚህ ደንቦች ተሰላ የተባለ የዝምድና ሰንሰለት ጎዶሎ ሆኖ ከተገኘ፥ አንድ ቦታ የተሳሳተ ነገር ተጽፏል። ተጋማሽ መሆኑ ግን ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ 2 3 1 4 ተጋማሽ ሲሆን ከካሪዬራ ደንቦች አይወጣም። እንግዲህ ይህ ቁጥር ስሕተትን ይገልጣል እንጂ እውነትን አያጸድቅም።