ነዶውን የጣሉት ሠራተኞቹ ነበሩ



ክረምት ሲገባ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ዝርዝር ይዞራል። የባንኩ፣ የቴሌው፣ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ስሙን ይጽፍና የአረጋውያንን ቤት ለማደስ፣ ለተማሪ ደብተር ለመግዛት፣ ችግኝ ለመትከል፣ ደም ለመለገስ ይወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲገልጽ ለዚሁ ሲሉ የተዘጉ መሥሪያ ቤቶች እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ።

ዝርዝሩ ሲደርሳቸው «ይህ የዓለም ሥራ ነው፣ እኔ አሥራቴን ለቤተ ክርስቲያን እሰጣለሁ» የሚሉ ወገኖች አሉ። እንግዲያው መጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 2ን እንደገና አንብቡት። ስለ ቦዔዝ ብዙ ተሰብኳል፤ ስለ አጫጆቹ ግን እምብዛም አንሰማም። ቦዔዝ አዘዘ እንጂ ከነዶው እየመዘዙ ሆን ብለው የጣሉላት እነርሱ ናቸው (ቁ. 15-16)። እንዳያሳፍሯትም ታዘዋል። ሩት ደግሞ ሞዓባዊት፣ የሌላ አገርና የሌላ አምልኮ ልጅ ነበረች። ቃርሚያዋን ይዛ ወደ ኑኃሚን የገባችው እንደ ለማኝ ሳይሆን ሠርታ እንደዋለች ሴት ነው።

አሁን ከጭሮ ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን በደሳን አስቡ። ቡና የሚበቅልበት አገር ነው፤ በምዕራብ ሐረርጌ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው። በእንዲህ ያለ ትንሽ ከተማ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። አንዲት እናት ዘይትና ዱቄት ታቅፋ በባነር ፊት ቆማ ፎቶ ብትነሣ፣ ፎቶውን የልጇ የክፍል ጓደኞች ሁሉ ያዩታል። ዘይቱ በወሩ ያልቃል፤ ፎቶው ግን ይኖራል። ክርስቲያን ሠራተኛ ሆይ፣ በመሥሪያ ቤትህ ስብሰባ ላይ «የተቀባዮቹን ፊት አናንሣ» ብለህ ብትናገር ይህ ራሱ አገልግሎት ነው። ትራክትም በዱቄቱ ከረጢት ውስጥ አትክተት። ስለ ተስፋህ ሲጠይቁህ መልስ፤ የተራበ ሰው ግን ለመብላት ሲል እንዲያዳምጥህ አታድርግ።

ስለ ቤት እድሳትም አንድ ነገር ልበል፤ ጭቃ ያየ ሰው ይረዳኛል። ለምርጊት የሚሆን ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ እየተረገጠ ለቀናት መቆየት አለበት። ቅዳሜ ጠዋት ቲሸርት ለብሶ መጥቶ ከሰዓት የሚጨረስ ሥራ አይደለም። በሐምሌ ዝናብ የተመረገ ግድግዳም ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ ቆርቆሮው ዝናቡ ሳይጠነክር ይመታ፤ ምርጊቱ ፀሐይ ሲወጣ፣ በጥቅምት ይሁን። በጥቅምት ግን ባነሩ ወርዷል፣ ካሜራውም ሄዷል። ማቴዎስ 6፥3-4 የሚፈተነው ያን ጊዜ ነው። አሥራ አምስት ሰው በክረምት ከሚመጣ ሦስት ሰው በጥቅምት ቢመለስ እመርጣለሁ።

ባለትዳሮች ደግሞ የደመወዙን ነገር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በ2003 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሥራ ሲጀመር ብዙ ሠራተኛ የወር ደመወዙን በዓመት እየከፋፈለ ቦንድ ገዛ። ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ እሰየው። ነገር ግን ከደመወዝ የሚቆረጥ ነገር ሁሉ ከጤፉ፣ ከኪራዩና ከልጆች ጫማ ጋር ይያያዛል። ባል መሥሪያ ቤት ፈርሞ መጥቶ ሚስት በወሩ መጨረሻ ከጎደለው ብር ብትረዳው፣ ስጦታው 2ኛ ቆሮንቶስ 9፥7 እንደሚለው በደስታ የተሰጠ ሊሆን አይችልም፤ ቢያንስ ለእርሷ። ሐናንያና ሰጲራ ለመደበቅ እንኳ ተስማምተው ነበር! እኛ ለመስጠት መስማማት ያቅተናል?

ጊዜም እንዲሁ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ውሎ፣ እሑድ በአገልግሎት አሳልፎ፣ ቅዳሜንም ለጎረቤት ቤት የሚሰጥ አባት ለልጆቹ የቀረ ቀን የለውም። ልጆቹን ይዟቸው ይሂድ። ውኃ ያመላልሳሉ፣ ጭድ ያቀብላሉ፣ ከአረጋዊቷ ጋር ቡና ይጠጣሉ። ጭቃ መምረጉን ሚስት ከባሏ ይልቅ የምታውቅ ከሆነም፣ ስሟ ከእርሱ ስም በላይ ይጻፍ።