ጉርሻው መቼ ይሰጥ? ሲሳፈሩ ወይስ ሲወርዱ?

“አንድ ጉርሻ ያጣላል” ይባላል። ይህ የሚባለው ያጎረሰ ሰው በአንድ ብቻ ሳይወሰን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እንዲደግም ነው። ይሁን እንጂ ጉርሻ ከገበታ ተነሥቶ ወደ ሆቴልና ወደ ምግብ ቤት፣ ከዚያም አልፎ ወደ ባሕር ሲሄድ በእርግጥም የሚያጣላ ጉዳይ ሆኖ እናገኘዋለን። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ይህንኑ ነው። በሽርሽር መርከብ ላይ የመኝታ ክፍላችሁን ለሚያሰናዳው ሠራተኛ ጉርሻ መስጠት የሚገባው ገና ሲሳፈሩ ነው ወይስ ጉዞው አብቅቶ ሲወርዱ?

“ባሕር በር ለሌለው አገር ይህ ጥያቄ ምን ይፈይዳል?” የሚሉ አይጠፉም። ጥያቄው ግን ከቤታችን የራቀ አይደለም። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂንያ የሚኖሩ ልጆቻችን እናትና አባታቸውን ለጥየቃ ሲያስመጡ፣ ከአቅራቢያቸው ካለው ከባልቲሞር ወደብ ተነሥቶ ወደ ባሃማስ ወይም ወደ ቤርሙዳ በሚሄድ መርከብ ሊያዝናኗቸው ያስባሉ። ሌላው ምክንያት ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በዚያው አገር በየሆቴሉ አልጋ የሚያነጥፉት፣ በየምግብ ቤቱ ትሪ ተሸክመው የሚያስተናግዱት ብዙዎቹ የእኛው እህቶችና ልጆች ናቸው። ስለ ጉርሻ ስንነጋገር እንግዲህ በሁለቱም ወገን ቆመን ነው፤ ሰጪም ተቀባይም እኛው ነን።

ለመሆኑ የሽርሽር መርከብ ምን ዓይነት ነው? በአጭሩ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ትልቅ ሆቴል ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው “አይከን ኦቭ ዘ ሲስ” የተባለው መርከብ እስከ 7,600 መንገደኞችና 2,350 ያህል ሠራተኞች ይይዛል። በአንድ መርከብ የአንዲት አነስተኛ ከተማ ሕዝብ ይሳፈራል ማለት ነው። ያ ሁሉ ሰው ይበላል፣ ይተኛል፣ ይታጠባል። አንሶላው የሚቀየረው፣ ፎጣው የሚታጠበው፣ መታጠቢያ ቤቱ የሚጸዳው ግን በራሱ አይደለም፤ በሰው ጉልበት ነው።

የመኝታ ክፍል ሠራተኛ እንደ መርከቡ ዓይነት ከደርዘን በላይ፣ አንዳንዴም ሃያና ከዚያ በላይ ክፍሎች ይመደቡለታል። ውሉ ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር የሚዘልቅ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ እኛ እንደለመድነው እሑድ የሚባል የዕረፍት ቀን የለውም። እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. በጄኔቭ ተፈርሞ ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የባሕር ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ አንድ የመርከብ ሠራተኛ በማንኛውም ሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሰባት ቀን ውስጥ ደግሞ ቢያንስ 77 ሰዓት ማረፍ እንዳለበት ይደነግጋል። በሳምንት ውስጥ ያሉት 168 ሰዓቶች ናቸውና፣ ከዚህ ላይ 77ቱን ብንቀንስ 91 ሰዓት ይቀራል። ስምምነቱ አገሮች ሊመርጡት የሚችሉት ሌላም ወሰን አስቀምጧል፤ በእርሱ ደግሞ ሥራው በሳምንት ከ72 ሰዓት አይበልጥም። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት 48 መሆኑን የምታውቁ ሠራተኞች ልዩነቱን አስተያዩት።

አብዛኞቹ እነዚህ ሠራተኞች ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያና ከሕንድ የመጡ ናቸው። ባለትዳሮችና ልጆች ያሏቸውም ብዙዎች ናቸው። በፊሊፒንስ ደንብ መሠረት አንድ የመርከብ ሠራተኛ ከመሠረታዊ ደመወዙ ቢያንስ 80 ከመቶውን በየወሩ ለቤተሰቡ የመላክ ግዴታ አለበት። ለእናቶችና ለልጆች ሲታሰብ መልካም ደንብ ነው፤ ሠራተኛው በእጁ የሚይዘው ግን ምን ያህል እንደሚሆን ግልጽ ነው። መርከቦቹ አሜሪካ ወደብ ላይ መንገደኛ ቢጭኑም የሚያውለበልቡት ባንዲራ በአብዛኛው የባሃማስ ወይም የፓናማ ነው። ስለሆነም የአሜሪካ ዝቅተኛ የደመወዝ ሕግ በእነዚህ ሠራተኞች ላይ አይሠራም። ጉርሻው ቡና መጠጫ ሳይሆን የገቢያቸው ዋና አካል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ደመወዝን በጉርሻ የመተካቱ ልማድ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ በኋላ ጆርጅ ፑልማን የተባለው ባለሀብት በባቡር ላይ የመኝታ ፉርጎዎችን ሲያሠማራ፣ በአስተናጋጅነት የቀጠራቸው ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁር ሰዎችን ነበር። ደመወዛቸው አነስተኛ በመሆኑ ኑሯቸውን የሚገፉት ከመንገደኛው በሚያገኙት ጉርሻ ነበር። ብዙ መንገደኞች የእያንዳንዳቸውን ስም ለመጠየቅ እንኳ ሳይደክሙ ሁሉንም በባለቤቱ ስም “ጆርጅ” እያሉ ይጠሯቸው ነበር። እነዚህ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1925 ዓ.ም. በኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ከአሥራ ሁለት ዓመት ትግል በኋላም በ1937 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር ውል ተፈራርመው ደመወዛቸው ሲሻሻል፣ በወር 400 ይደርስ የነበረው የሥራ ሰዓታቸው ወደ 240 ወረደ። ልማዱ ግን ከሥሩ አልተነቀለም። ዛሬም በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ጉርሻ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት እንዲከፍል የሚገደደው ቢያንስ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው፤ ጉርሻው ተጨምሮበት መደበኛው ዝቅተኛ ደመወዝ ላይ ካልደረሰ ልዩነቱን አሠሪው መሙላት አለበት። ይህ ቁጥር ከ1991 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልተነቃነቀም። እርግጥ ነው፣ ከዚህ የተሻለ የሚያስከፍሉ ክፍላተ አገሮች አሉ።

ወደ መርከቡ እንመለስ። ቀደም ባለው ጊዜ መንገደኛው በመጨረሻው ምሽት በፖስታ እያሸገ ለክፍል ሠራተኛውና ለምግብ አስተናጋጆቹ ያድል ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ጉርሻውን ራሳቸው በየቀኑ ከመንገደኛው ሒሳብ ላይ ያስባሉ። መጠኑ በታወቁት የአሜሪካ ኩባንያዎች ዘንድ በአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ነው። በብዙዎቹም ልጆች ጭምር ይቆጠራሉ። አራት ሆነው ለሰባት ሌሊት ቢሄዱና በቀን 16 ዶላር ቢታሰብባቸው 448 ዶላር ይሆናል። ይህ ከቲኬቱ ዋጋ ውጪ ነው። ቀድሞ ያላሰበበት ቤተሰብ በመጨረሻው ቀን ሒሳቡን ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ “አስቀድሞ መክፈል” የሚባለውን ነገር በሁለት ከፍለን ማየት ይኖርብናል።

አንደኛው፣ ይህንኑ ኩባንያው የወሰነውን ጉርሻ ከጉዞው በፊት ከቲኬቱ ጋር አብሮ መክፈል ነው። ይህ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። የቤት በጀት የምታወጣ እናት ወጪዋን አስቀድማ ታውቀዋለች፤ በመሀል ዋጋው ቢጨምር ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የከፈለውን አይነካም፤ በመጨረሻው ቀንም ድንጋጤ አይኖርም። ገንዘቡ የሚከፋፈለውም ክፍል ለሚያጸዳው ብቻ ሳይሆን ለምግብ አስተናጋጆችና፣ በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ፣ ከዓይን ርቀው ልብስ ለሚያጥቡትና በማእድ ቤት ለሚሠሩትም ነው። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” እንዲሉ፣ ተካፍለው ይይዙታል።

ሁለተኛው፣ በመጀመሪያው ቀን ለክፍሉ ሠራተኛ በእጁ ገንዘብ ማስጨበጥ ነው። ክርክሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። የሚደግፉት ወገኖች “ሠራተኛው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በትጋት ይንከባከበናል” ይላሉ። የሚቃወሙት ደግሞ “ጉርሻ ለተሠራ ሥራ ምስጋና ነው፤ ላልተሠራ ሥራ ምን ምስጋና አለው?” ብለው ይመልሳሉ።

የእኛ ቋንቋ ለዚህ ክርክር የሚበጅ ሀብት አለው። ጉርሻ አለ፣ እጅ መንሻ አለ፣ ጉቦም አለ። ሦስቱም ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳሉ፤ የሚለያዩት ግን በታሰበባቸው ነገር ነው። ጉርሻ በፍቅር ይሰጣል፤ የጎረሰው ሰው ዕዳ የለበትም። እጅ መንሻ ጉዳይ ያለው ሰው ይዞት የሚቀርበው ነው። ጉቦ ደግሞ የሌላውን ድርሻ ለመውሰድ የሚከፈል ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው ቀን የተሰጠው ገንዘብ “ከጎረቤቶቼ ክፍል አስቀድመህ የእኔን አጽዳ” ለማለት ከሆነ፣ ስሙ ጉርሻ ቢባልም ግብሩ ሌላ ነው። ሠራተኛው ያለው ጉልበት አንድ ነው፤ ለአንዱ ያበዛው ከሌላው ላይ ይጎድላል። የሚጎድልበትም ምናልባት ልጆቿን ለማዝናናት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመች እናት ልትሆን ትችላለች።

ሆኖም የሚገባ አጋጣሚም አለ። የስኳር ሕመም ያለባቸው እናት መድኃኒታቸውን የሚያስቀምጡበት ማቀዝቀዣ ይፈልጉ ይሆናል። ሕፃን የያዘች ወላጅ በቀን ሁለት ጊዜ ፎጣ እንዲቀየርላት ትጠይቅ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ዓ.ም. ወረርሽኝ ወዲህ በርካታ ኩባንያዎች ተራ ክፍሎችን በቀን ሁለት ጊዜ ማጽዳቱን ትተው ወደ አንድ ጊዜ ዝቅ ስላደረጉ፣ እንዲህ ያለው ጥያቄ ለሠራተኛው ተጨማሪ ድካም ነው። ከተለመደው በላይ የሚያደክም ነገር የጠየቀ ሰው በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ዶላር ቢሰጥ ድካሙን ማወቁ ነውና ነውር የለውም። ዋናውን ምስጋና ግን ሥራው ታይቶ በመጨረሻው ምሽት መስጠቱ ይሻላል። በየብስ ላይ ባለ ሆቴል ነገሩ ይለያል። በዚያ ክፍሉን ዛሬ ያጸዳችው ነገ ላትመጣ ትችላለችና በየቀኑ ጥቂት ማስቀመጥ ይመከራል። በመርከብ ላይ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያገለግልዎ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ነው።

በእኛ አስተያየት ግን ትልቁ ጥያቄ የመጀመሪያው ቀን አይደለም። ትልቁ ጥያቄ የመጨረሻው ቀን ነው። በብዙዎቹ ኩባንያዎች መንገደኛው ወደ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ቀርቦ የታሰበበትን ጉርሻ ማስቀነስ ወይም ጨርሶ ማሰረዝ ይችላል። ይህንንም የሚያደርጉ አሉ። አንዳንዶቹ በእርግጥ ተበድለው ነው። ሌሎቹ ግን ሳምንቱን ሙሉ በንጹሕ አንሶላ ላይ ተኝተው፣ “ደመወዛቸውን ኩባንያው ይክፈል እንጂ እኔ ምን አገባኝ?” የሚሉ ናቸው። አባባሉ እውነትነት አለው። ደመወዝን መክፈል የአሠሪው ግዴታ መሆን ይገባዋል። ፒ ኤንድ ኦ የተባለው የእንግሊዝ የሽርሽር መርከቦች ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. በየቀኑ የሚታሰበውን ጉርሻ አስቀርቶ በዋጋው ውስጥ ማጠቃለሉ ይህ መንገድ የሚቻል መሆኑን ያሳያል። ነገር ግን በኩባንያው አሠራር ያልተደሰተ መንገደኛ ጉርሻውን ሲሰርዝ የሚጎዳው ኩባንያው ሳይሆን ወለሉን የወለወለው ሠራተኛ ነው። ቅሬታ ያለው ሰው ቅሬታውን ለኩባንያው በጽሑፍ ያቅርብ፤ የላብ ዋጋ ግን ከሠራተኛው ላይ አይቀነስ።

ውድ እናቶች፣ በአጭሩ የሚከተለውን እንመክራለን።

ልጆቻችሁ ለእንዲህ ያለ ጉዞ ሲጋብዟችሁ፣ የየቀኑ ጉርሻ በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩን አስቀድማችሁ አስጠይቁ። ከሌለ ከቲኬቱ ጋር አብሮ እንዲከፈል አድርጉ።

“እማዬ፣ ሁሉም ተከፍሏል፤ አንቺ አትጨነቂ” ቢሏችሁም በባዶ እጅ መሰናበት ይከብዳችሁ ይሆናል። በዚህ ጊዜ አቅማችሁ የፈቀደውን በመጨረሻው ምሽት በፖስታ አድርጋችሁ፣ በጽሑፍ ምስጋና አክላችሁ ለሠራተኛው በእጁ ስጡት። የየቀኑን ጉርሻ አሰርዛችሁ ግን በእጅ እንሰጣለን አትበሉ። በአንዳንድ ኩባንያዎች ጉርሻው የተሰረዘበት ሠራተኛ በእጁ የተቀበለውን ወደ ጋራው ሣጥን እንዲያስገባ ይገደዳል።

ከሁሉም በላይ በመጀመሪያው ቀን መሰጠት ያለበትና ምንም የማያስወጣ ነገር አለ። እርሱም ሰላምታ ነው። ስሙን ጠይቁት፤ በስሙም ጥሩት። በጉዞው ማብቂያ ላይ ኩባንያው በሚሰበስበው የአስተያየት ቅጽ ላይም ያንኑ ስም ጻፉለት፤ እንዲህ ያለው ምስክርነት ለሚቀጥለው ውሉ ይረዳዋል። ልጆቻችሁም ፎጣ ወለል ላይ እንዳይጥሉ፣ አልጋ ላይ ምግብ እንዳይበትኑ ምከሯቸው፤ ይህም ራሱን የቻለ ጉርሻ ነው።

በሩቅ አገር አልጋ የምታነጥፍ ልጅ ያለቻት እናት ይህንን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልጋትም። ልጇ ባጸዳችው ክፍል ያደረው እንግዳ ምን ትቶላት ቢሄድ እንደምትወድ ታውቃለች። በመርከቡ ላይ ያለውም ሠራተኛ የአንዲት እናት ልጅ ነው።