የ1928ቱ ባቡር በፊልም

ከሊማሊሞ ግርጌ የምትገኘው ድብ ባሕር ባቡር አልፎባት አያውቅም፤ ደባርቅም ጎንደርም እንደዚሁ። በዚህ አገር ጦርነት የመጣውም የሄደውም በእግር፣ በበቅሎና በካሚዮን ነው። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያኑ የአኪሌ ስታራቼ ጦር ጎንደር የገባው በካሚዮን ተጭኖ ነበር። ጣልያን ሊማሊሞን እየፈለጠ ያወጣውን ጥምዝምዝ መንገድ እስከ ዛሬ እንወጣበታለን፣ እንወርድበታለን። ስለዚህም የዚያን ዘመን የጦርነት ፊልም ስናይ ዓይናችን ቶሎ የሚለየው ካሚዮኑንና መንገዱን ነው። በዚያው ዓመት ግን በአገራችን ሌላ ጫፍ አንድ ባለ እንፋሎት የመንገደኛ ባቡር ዲፕሎማቱንም፣ ጋዜጠኛውንም፣ ስደተኛውንም፣ በመጨረሻም ንጉሠ ነገሥቱን ጭኖ በረሃውን ያቋርጥ ነበር። ያ ባቡር በፊልም ተቀርጿል። ዛሬ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ሊያየው ይችላል፤ ደባርቅ ላይ ሆኖም ቢሆን። እንዴት እንደሚታይ ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ መስመሩን እንወቅ። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራውን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1895 ባቡሩ ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ከተማ ከተቆረቆረችበት ቦታ ደረሰ። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ በፈረንሳይ የሚደገፍ ሌላ ኩባንያ ተተካ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ሲሆን፣ የመስመሩ ርዝመት ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ለረጅም ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር፤ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ እያደረ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ለገሃር ያለው የአዲስ አበባ ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በኅዳር 1922 ነው፤ ይህን ዓመት አንባቢ ይያዝልኝ፣ ኋላ እንፈልገዋለን።

አሁን ወደ ባቡሩ ሆድ እንግባ። ከነጂው ፊት ለፊት የእሳት ምድጃ አለ። ከምድጃው የሚወጣው ግለት ውሃ በተሞላ ትልቅ በርሜል ውስጥ በተዘረጉ ብዙ ቀጫጭን ቧንቧዎች በኩል ያልፋል፤ ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ በርሜሉ አናት ላይ ይታመቃል። ነጂው እጀታውን ሲስብ እንፋሎቱ ወደ ሲሊንደሩ ይወርድና ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑ በብረት ክንድ ጎማውን ያዞራል። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በጭስ ማውጫው በኩል ሲወጣ የምድጃውን ጭስ ይዞ ስለሚወጣ አዲስ አየር ወደ እሳቱ ይሳባል። ያ ቹፍ ቹፍ የሚለው ድምፅ ይህ ነው፤ ባቡሩ በተነፈሰ ቁጥር እሳቱ ይራገብለታል። በፊልሙ ላይ የሚወጣው ነገር ነጭ ከሆነ እንፋሎት ነው። ጥቁር ከሆነ እሳት ቆስቋሹ ገና አሁን ማገዶ ጨምሯል፣ ወይም ባቡሩ ዳገት ሊጀምር ነው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ውሃ ሲኖር ነው። የወጣው እንፋሎት አይመለስም፤ ባቡሩ እየሄደ ይጠማል። ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ያለው አገር ደግሞ በረሃ ነው። ስለዚህ ባቡሩ መንገድ ላይ ደጋግሞ መቆም ግድ ይለዋል፦ አይሻ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ መኢሶ፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ሞጆ። ባቡር በቆመበት ሰው ይሰበሰባል። ወተት፣ እንቁላልና ፍራፍሬ የሚሸጥ ይመጣል፤ ዘመድ የሚቀበል፣ ዘመድ የሚሸኝ ይመጣል፤ ልጅ ሁሉ ብረቱን ለማየት ይጎርፋል። ከእንፋሎት ባቡር ፊልም ውስጥ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን መቆሚያ ነው። በሩጫ ላይ ያለ ባቡር ከጭስና ከጎማ ሌላ ብዙ አያሳይም። ሰዎቹን የሚያሳየን ጥሙ ነው።

የካሜራውም ጠባይ እንደ ባቡሩ ነው፤ ሳይቆም ብዙ አይሄድም። ጣልያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ ጦርነቱን ከመክፈቱ በፊት ጀምሮ አዲስ አበባ በውጭ ጋዜጠኞች ተሞልታ ነበር። ፓራማውንትና ፎክስ ሙቪቶን የተባሉት የአሜሪካ የዜና ፊልም ድርጅቶች ቀራጮቻቸውን ልከዋል፤ የሶቪየት ቀራጮችም መጥተዋል። በዚያ ዘመን የዜና ቀራጭ በእጁ ይዞት የሚዞረው አይሞ የሚባል ካሜራ ነበር። እንደ ሰዓት በቁልፍ ይጠመዘዛል፤ አንድ ጥቅል ፊልሙ 30 ሜትር ያህል ሲሆን የሚቀርጸው አንዲት ደቂቃ ብቻ ነው። ጥቅሉ ሳያልቅም ሞላው ላልቶ እንደገና መጠምዘዝ ይፈልጋል። የዘመኑ የባቡር ፊልም ለምን በጥቂት ሴኮንድ እየተቆራረጠ እንደሚመጣ፣ ባቡሩ ለምን ገና እየተጠጋ ሳለ ድንገት ተቆርጦ ጣቢያ ቆሞ እንደምናገኘው ከዚህ ይገባናል። ቀራጩ ፊልሙን ይቆጥባል። የሚያሳዝነው፣ ብዙውን ጊዜ የቆጠበው ከተራው ሰው ላይ ነው፤ ባለ ባርኔጣው እንግዳ ከፉርጎ ሲወርድ ሙሉ ይቀረጻል፣ ሻንጣውን ተሸክሞ የሚከተለው ሰው ግን ግማሽ ፊቱ ይታይና ይጠፋል።

የተቀረጸውም ፊልም ወደ ውጭ የሚወጣው በአብዛኛው በዚሁ ባቡር ነበር። ወሬው በአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ በኩል በሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ሊላክ ይችላል፤ የፊልም ቆርቆሮ ግን ሐዲዱን ተከትሎ ጅቡቲ ወርዶ መርከብ መጠበቅ አለበት። ያም ፊልም የተሠራው በቀላሉ እሳት ከሚይዝ ናይትሬት ነው። በዚያ የበረሃ ሙቀት፣ ፍም ከሚተፋ ባቡር ኋላ ተጭኖ ተርፎ ለእኛ መድረሱ ያስገርመኛል።

ባቡሩ በዚያ ጦርነት ውስጥ የነበረው ቦታ የተምታታ ነበር። ንብረቱ በአብዛኛው የፈረንሳይ ስለሆነ ጣልያን ሐዲዱን በቦምብ ከመምታት ተቆጥቧል። ነገር ግን ጦርነቱ ከመጀመሩ ከዘጠኝ ወር በፊት የፈረንሳዩ ላቫልና ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሲፈራረሙ፣ ከኩባንያው አክሲዮን ውስጥ 2,500 ለጣልያን እንዲሰጥ ተስማምተው ነበር። የኢትዮጵያ ዋነኛ የባሕር መውጫ የባለቤትነት ድርሻ፣ ኢትዮጵያን ሊወጋ ለተዘጋጀ መንግሥት ተሰጠ። በፊልሙ ላይ ያ ባቡር ጭሱን እያንቦለቦለ ሲመጣ ሳይ ይህን ከማሰብ አልቦዝንም።

ማይጨው ላይ ጦሩ ከተፈታ በኋላ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ ባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ። ባቡሩ ከአዲስ አበባ የተነሣው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው፤ የዚያን ጊዜ ፊልም ደግሞ በጨለማ ውስጥ ከንቱ ነበር። ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሃይፋ ሄዱ፤ ከሃይፋ ወደ ኢየሩሳሌም የወጡትም እንደገና በባቡር ነው። በኢየሩሳሌም የባቡር ጣቢያ የተነሣው ፎቶግራፍ እስካሁን አለ። የጣልያኑ አዛዥ ባዶልዮ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነው። ከዚያ በኋላ በመስመሩ ላይ የምናየው ባንዲራም የካሜራው ባለቤትም ተለወጠ፤ ቀራጩ አሁን ሉቼ የሚባለው የፋሺስቱ መንግሥት የፊልም ድርጅት ነው።

ዓመተ ምሕረቱ ያልተጻፈበት ፊልም ሲገጥማችሁ የጣቢያውን ደጅ ተመልከቱ። ዛሬ የምናውቀው ሕንፃ ካልታየ ከ1922 በፊት ነው። ሕንፃው ኖሮ ከፊቱ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ከቆመ፣ ወይ ከ1923ቱ ንግሥ እስከ ወረራው ባለው ጊዜ ነው፣ ወይ አንበሳው ከተመለሰ ወዲህ ነው። ሕንፃው ኖሮ አንበሳው ከሌለ ግን ወይ ከንግሡ በፊት ያለችው አንድ ዓመት ናት፣ ወይ የጠላት ዘመንና ከዚያ በኋላ ያሉት ባዶ ዓመታት ናቸው። ጣልያን ነቅሎ ሮም ወስዶታል፤ ያቆመውም ተርሚኒ ከሚባለው የባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በዶጋሊ ጦርነት ለሞቱበት ወታደሮች ካሠራው ሐውልት ሥር ነው። ከለገሃር ተነቅሎ ሌላ ለገሃር ደጅ መሆኑ ነው። ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ጎራዴውን የመዘዘው እዚያ ነው።

የእኛን ፊልም በደንብ የሚያስረዳልን ሌላ ፊልም አለ፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተቀረጸው የአሜሪካ የመንገደኛ ባቡር። ቤንዚንና የመኪና ጎማ በራሽን ስለነበረ አገሩ ሁሉ ወደ ባቡር ተመልሶ ነበር፤ በአገር ውስጥ ከተጓጓዘው ወታደር ከመቶው ከ90 በላዩን ያደረሰው ባቡር ነው። ኔብራስካ ውስጥ ኖርዝ ፕላት በምትባል ከተማ ባቡሩ ውሃ ለመቅዳትና ዘይት ለመቀባት አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይቆም ነበር። የአካባቢው ሴቶች በዚያች ደቂቃ ለማያውቋቸው ወታደሮች ቡና፣ ሳንዱችና ኬክ ያድሉ ጀመር። ከእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1941 እስከ ሚያዝያ 1946 ድረስ ስድስት ሚሊዮን የሚሆን ወታደር አስተናግደዋል። ያን ፊልም ድብ ባሕር ሻይ ቤት ውስጥ ላንድ አዛውንት በስልኬ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና፣

«ልጄ፣ እኒህ ሴቶች እናቶቻቸው ናቸው?» አሉኝ።

«አይደሉም አባ፣ አይተዋወቁም።»

«እንግዲያ ስንቅ ማቀበል ነዋ! እናቴም ወልቀፊት ላይ ለነበሩት አርበኞች በሶ እየቋጠረች ታወጣ ነበር።»

ወልቀፊት ከሊማሊሞ አናት ያለው ምሽግ ነው። ከድብ ባሕር ቀና ሲሉ የሚታየው ያ ገደል በ1933 ክረምት ሙሉ በጣልያን እጅ ነበር፤ የተለቀቀው በመስከረም 1934 ነው። ጎንደር ላይ የጣልያኑ ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከተመለሱ ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ። ሐዲዱ ባለበት በምሥራቅ በኩል ጦርነቱ ቶሎ አልቋል። ጣልያን እየሸሸ የአዋሽን የባቡር ድልድይ ቢያፈርስም፣ የእንግሊዝ ጦር ወንዙን ተሻግሮ መጋቢት 28 ቀን 1933 አዲስ አበባ ገብቷል። እዚህ ግን ስንቁም ጥይቱም በሰው ጀርባና በአህያ ነበር፤ የሚቀርጽም ካሜራ አጠገቡ አልነበረም። አዛውንቱ የነገሩኝን ያህል የሚያሳይ ፊልም እኔ አይቼ አላውቅም።

የእንፋሎቱ ዘመን ያለፈው ቀስ በቀስ ነው። በጣልያን ጊዜ ሊቶሪና የሚባለው የፊያት ባለ ሞተር ፉርጎ መጣ፤ በ1940ዎቹ ደግሞ ከስዊዘርላንድ የመጡት የናፍጣ ባቡሮች ተተኩ። ናፍጣ እንደ እንፋሎት አይጠማም፤ ብዙ ትንንሽ ጣቢያዎች ከዚያ በኋላ ግርግራቸው ቀነሰ።

ፊልሞቹ አሉ። የእንግሊዙ ፓቴ 85,000 ፊልሞቹን በ2006 ዓ.ም. በዩቲዩብ ለቋል፤ የሉቼም ማኅደር በኢንተርኔት ይታያል፣ በዩኔስኮም የዓለም ትውስታ መዝገብ ተይዟል። መግለጫቸውን ያነበበ ሰው ግን አንድ ነገር ያስተውላል፦ የጄኔራሉ ስም አለ፣ የልዑሉ ስም አለ፣ የመርከቡ ስም አለ። ኖርዝ ፕላት ላይ የቀረጸውም የተቀረጸውም አንድ አገር ሰው ስለነበረ የልጅ ልጅ አያቱን ከፊልሙ ለይቶ ስሟን ማስመዝገብ አይቸግረውም። እኛ ዘንድ እሳት የሚቆሰቁሰው፣ የውሃውን ቱቦ የሚይዘው፣ ፉርጎው መስኮት ሥር እንቁላል ይዛ የቆመችው «ያገሬው ሰዎች» ተብለው ታልፈዋል።

እነዚያን ፊቶች ሊለይ የሚችል ሰው ድሬዳዋ ውስጥ አለ። ከዚራ አካባቢ ሦስት ትውልድ በምድር ባቡር ያገለገሉ ቤተሰቦች፣ የአባታቸውን የደንብ ልብስ ቁልፍ ሳይቀር ያስቀመጡ ሰዎች አሉ። ጣቢያውን ከኋላው ባለው ተራራ፣ ባቡሩን በቁጥሩ፣ ነጂውን በአቋሙ ይለዩታል። ወመዘክር ወይም የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ክፍል ፊልሞቹን ሰብስቦ እነዚህን ሰዎች ከስክሪን ፊት ቢያስቀምጥና የሚሉትን ቢጽፍ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሥራው ግን ዘንድሮ መጀመር አለበት፤ የእንፋሎቱን ባቡር በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ ከሰማንያ ዓመት በላይ ነው።