ምን እንደሚያስቸግረው እንጠይቅ
በአሜሪካ ያለን ጉባኤዎች የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ይዘን በፍሎሪዳ ወደሚገኘው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ስንሄድ፣ ለአካል ጉዳተኞች ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት እርዳታ አይበጅም። አስቀድመን እያንዳንዱን ልጅ የሚያስቸግረው ምን እንደሆነ ወላጆቹን እንጠይቅ። ብዙ መቆም የሚያደክመው ከሆነ ተሽከርካሪ ወንበር ይበቃዋል፤ በዚያው ይከራያል። ጩኸት የሚያስጨንቀው ከሆነ የጆሮ መሸፈኛ እንያዝለት። እንደ ኦቲዝም ባለ የእድገት ችግር ምክንያት ሰልፍ ውስጥ ረጅም ጊዜ መቆየት ለማይችል ግን «ዲስኤቢሊቲ አክሰስ ሰርቪስ» የተባለ አገልግሎት አለ። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተወሰነው በተለይ ለእነዚህ ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ከጉዞው በፊት በቪዲዮ ከሠራተኞቹ ጋር ይነጋገር። አገልግሎቱ ልጁ ተራውን ከሰልፍ ውጭ ሆኖ እንዲጠብቅ ያደርጋል እንጂ ጥበቃውን አያስቀርም። ይህን ሳናጣራ ብንሄድ፣ ጓደኞቹ ሲጫወቱ አንዱ ልጃችን በር ላይ ቆሞ ይቀራል።